አረፋ ለሚያስቸግረው የፍሳሽ ማጣሪያ የቱን እንግዛ? የዩሪያ፣ የፎስፈሪክ አሲድ፣ የዳፕ፣ የኤንፒኤስና የፓኬት ባክቴሪያ ግምገማ ለሰሜን ሸዋ ፋብሪካዎች

በደብረ ብርሃንና በአካባቢዋ ፍሳሹን በባክቴሪያ የሚያጣራ ፋብሪካ ሁሉ አንድ ቀን ኤሬሽን ገንዳው (አየር እየተነፋበት ባክቴሪያው ፍሳሹን የሚበላበት ገንዳ) ላይ አረፋ ማየቱ አይቀርም። አረፋው ሲነሣ ሻጩም አብሮ ይነሣል፤ አንዱ ዩሪያ፣ አንዱ ፎስፈሪክ አሲድ፣ አንዱ በፓኬት የታሸገ «የባክቴሪያ ምግብ»፣ ሌላው የአረፋ ማጥፊያ ይዞ በር ያንኳኳል። እዚህ የሚገመገሙት እነዚህ ዕቃዎች ናቸው፤ ምን እንደሚሠሩ፣ ምን እንደማይሠሩ፣ በደጋው ብርድና በቀጭኑ አየር ምን እንደሚያስቸግሩ።

ፍርዱን ከወዲሁ እንናገር። አረፋው ነጭና ዝልግልግ ከሆነ 46 በመቶ ናይትሮጂን ያለው ተራ ዩሪያና የ75 በመቶ ፎስፈሪክ አሲድ ይበቃሉ፤ ከዚያ በላይ መክፈል አያስፈልግም። ናይትሮጂንና ፎስፈረስ ያለበት ማዳበሪያ ዳፕ ከተገኘ ይሠራል፣ ግን ሥራ ያበዛል። ድኝ ጭምር ያለበትን ማዳበሪያ ኤንፒኤስን አንመክርም። የፓኬቱ ዱቄት ለዚህ በሽታ መድኃኒት አይደለም። አረፋው ቡናማና ቅባታም ከሆነ ግን ከእነዚህ አንዱንም አትግዙ፤ በሽታው ሌላ ነው፤ የተረፈው ማዳበሪያም ከፋብሪካው ወጥቶ በሬሳ ወንዝ ይገባል።

መጀመሪያ የትኛው አረፋ ነው?

በረጅም እጀታ ጭልፋ ከገንዳው ላይ ቅዱና ወደ ሌላ ዕቃ አንቆርቁሩት። የምግብ እጥረት፣ ማለትም የናይትሮጂን ወይም የፎስፈረስ ማነስ፣ ያመጣው አረፋ ነጭ ወይም ግራጫ ነው፤ ሲወርድ እንደ ተልባ ውኃ ክር ይጎትታል፣ ጣት መሐል ያሟልጫል። በ1 ሊትር ሲሊንደር ውስጥ 30 ደቂቃ ቢቀመጥ ስላጁ (ባክቴሪያ የሞላበት ጭቃ መሰል ነገር) ወደ ሥር ወርዶ በደንብ አይሰፍርም፤ ከላይ የቀረው ውኃ ግን ብዙ ጊዜ ጥርት ያለ ነው። የሳሙና አረፋም ነጭ ነው፤ እሱ ግን ቀላልና ደረቅ ስለሆነ ነፋስ እያነሣ አጥር ላይ ይጥለዋል፣ ውኃ ሲረጩት ይጠፋል፣ የጠርሙስ ማጠቢያ ወይም የሲአይፒ (መሣሪያው ሳይፈታ የሚታጠብበት) ውኃ በተለቀቀ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ብቅ ይላል። ሦስተኛው ቡናማው ነው። ወፍራም ነው፣ ከላይ ቆዳ ያበጃል፣ ውኃ ቢረጩት አይሰበርም፣ ክላሪፋየሩንም (ስላጁ ከውኃው የሚለይበትን ገንዳ) ያለብሳል።

ዓይን ከተጠራጠረ ሁለት ርካሽ ምርመራዎች አሉ። የመጀመሪያው የቻይና ቀለም ነው። በመስታወቱ ላይ አንድ ጠብታ ስላጅና አንድ ጠብታ ጥቁር ቀለም ቀላቅላችሁ በአጉሊ መነጽር በ1000 እጥፍ እዩት። በጤናማ ስላጅ የቀለሙ ብናኝ ወደ ፍሎኩ (ባክቴሪያዎቹ ተያይዘው የሚሠሩት ቅንጣት) ውስጥ ዘልቆ ይገባል፤ ዝልግልግ በበዛበት ግን ፍሎኩ ዙሪያውን ነጭ ሆኖ ይቀራል፣ ብናኙ አይገባበትም። ሁለተኛው የግራም ቀለም ነው፤ ቡናማውን አረፋ የሚለየው እሱ ነው። ቡናማውን ብዙ ጊዜ የሚያመጡት ሁለት ክር መሰል ባክቴሪያዎች ናቸው። ጎርዶኒያ ግራም ፖዘቲቭ (በዚህ ቀለም ሐምራዊ የሚሆን)፣ አጭርና እንደ ዛፍ ቅርንጫፍ የሚያወጣ ነው። ማይክሮትሪክስ ፓርቪሴላም ግራም ፖዘቲቭ ነው፤ ቅርንጫፍ ግን የለውም፣ ረጅምና የተጠማዘዘ ክር ሆኖ በፍሎኩ ዙሪያ ይጠቀለላል። ደህና ላብራቶሪ ያለው ፋብሪካ በአንትሮን ዘዴ የስላጁን ካርቦሃይድሬት ሊለካም ይችላል፤ ከደረቅ ክብደቱ 25 በመቶ ካለፈ ስለ ምግብ እጥረቱ ክርክር አያስፈልግም።

እዚህ ላይ ሰሜን ሸዋ ራሱን የቻለ ነገር አለው። ማይክሮትሪክስ ብርድ ይወዳል፣ ጎርዶኒያ ሙቀት። ከ2,700 ሜትር በላይ ያለችው ደብረ ብርሃን ከጥቅምት እስከ ጥር ውርጭ ሲጥል ቡናማ አረፋ ከያዛችሁ አስቀድማችሁ ማይክሮትሪክስን ጠርጥሩ። ጣርማ በርን ተሻግራችሁ ቆላ ሸዋ ሮቢት ላይ ያለ ማጣሪያ ከሆነ ጎርዶኒያ ይቀድማል። በአንድ ዞን ውስጥ፣ በጥቂት ሰዓት መንገድ ልዩነት፣ መድኃኒቱ ይለያያል።

እጥረቱ ለምን አረፋ ይሆናል፣ ስንትስ ይጎድላል?

ባክቴሪያው ከብቅል፣ ከስኳርና ከስታርች በቂ ካርቦን ያገኛል። ፕሮቲን ለመሥራት ናይትሮጂን፣ ለመከፋፈል ፎስፈረስ ከሌለው ግን የበላውን ካርቦን ወደ አዲስ ሴል መቀየር አይችልም። ስለዚህ ትርፉን ከሰውነቱ ውጪ ዝልግልግ ፖሊሳካራይድ አድርጎ ይተፋዋል። ያ ዝልግልግ ውኃ ይይዛል፣ የብሎወሩን (የአየር መንፊያውን) አረፋ ያስራል፣ ስላጁን ያቀልለዋል። እንደ ቲዮትሪክስና 021ኤን ያሉ አንዳንድ ክር ሠሪ ባክቴሪያዎችም በዚሁ የናይትሮጂን ረሃብ ይበዛሉ፤ ስለዚህ አረፋውና የማይሰፍረው ስላጅ አብረው ቢመጡ አይግረማችሁ።

ሁሉም የሚጠቅሰው መለኪያ 100 ለ5 ለ1 ነው፤ ለ100 ኪሎ ቢኦዲ (ባክቴሪያው ፍሳሹን ለመብላት የሚፈልገው ኦክስጂን፣ የቆሻሻው መለኪያ) 5 ኪሎ ናይትሮጂንና 1 ኪሎ ፎስፈረስ። ከየት እንደመጣ ማወቁ ይጠቅማል። የባክቴሪያ ደረቅ አካል 12 በመቶ ያህሉ ናይትሮጂን፣ ከ2 እስከ 2.5 በመቶው ፎስፈረስ ነው። ከ100 ኪሎ ቢኦዲ 40 ኪሎ ያህል አዲስ ስላጅ ሲመረት ሒሳቡ እዚያው ይደርሳል። ስላጁን 20 ቀንና ከዚያ በላይ የሚያቆይ ማጣሪያ ግን የሚያመርተው አዲስ ስላጅ ያነሰ ስለሆነ የሚፈልገውም ያንሳል፤ እንዲህ ላለው ከመለኪያው 60 በመቶ ጀምሮ ውጤቱን እያዩ መጨመር ይሻላል። ሻጭ ይህን አይነግራችሁም።

ምሳሌ እንሥራ። በቀን 500 ሜትር ኩብ ፍሳሽ፣ ከማመጣጠኛው ገንዳ ሲወጣ ቢኦዲው 1,500 ሚሊግራም በሊትር ይሁን። በቀን 750 ኪሎ ቢኦዲ ማለት ነው። የሚያስፈልገው 37.5 ኪሎ ናይትሮጂንና 7.5 ኪሎ ፎስፈረስ ነው። ፍሳሹ ራሱ 30 ሚሊግራም ናይትሮጂንና 8 ሚሊግራም ፎስፈረስ በሊትር ይዞ ከመጣ 15 ኪሎና 4 ኪሎ አለው። የሚጎድለው 22.5 ኪሎ ናይትሮጂንና 3.5 ኪሎ ፎስፈረስ ይሆናል። በዩሪያ 49 ኪሎ፣ በ75 በመቶ ፎስፈሪክ አሲድ 15 ኪሎ ያህል፣ በልክ 9.4 ሊትር።

ፍሳሹ ይዞት የሚመጣውን ሳይለኩ መለኪያውን በቀጥታ መጠቀም የተለመደ ስሕተት ነው። ቢራ ፋብሪካ እርሾ የሚደፋበት ቀን ናይትሮጂን ሞልቶ ይፈስሳል፤ በፎስፈሪክ አሲድ የሚያጥብ ከሆነ ፎስፈረሱም ከዚያው ይመጣል። የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ስታርች የሚያነሣበት ክፍል ግን ቢኦዲ ብቻ ይልካል፣ ናይትሮጂን የለውም ማለት ይቻላል፤ በዩሪያ የሚያትም ክፍል ካለው ደግሞ ተቃራኒው ነው። ወተት ላይ የሚሠራ ቤት ናይትሮጂንና ፎስፈረስ አያጥረውም፣ የሱ ጣጣ ቅቤው ነው። መጀመሪያ ኦክስጂን በሌለበት ገንዳ የሚያጣሩ ደግሞ ቢኦዲውን ከዚያ ገንዳ መውጫ ላይ ይለኩ፤ ከመግቢያው ላይ አስልቶ ዩሪያ የጨመረ ሰው ብዙ እጥፍ ጨምሯል።

ዩሪያ፦ ከሁሉ የሚሻለው፣ ግን ሁለት ወጥመድ አለው

ለናይትሮጂን ከዚህ የተሻለ ዕቃ የለም። ናይትሮጂኑ ብዙ ነው፣ ዝቃጭ አይተውም፣ ፓምፕና ቱቦ አይበላም። የገዛችሁት ንጹሕ መሆኑን ለማወቅ 100 ግራም በ1 ሊትር ንጹሕ ውኃ አሟሙና በሲሊንደር አስቀምጡት፤ ውኃው ጥርት ብሎ መቅረት አለበት። ቀጥሎ የኤሌክትሪክ ማስተላለፊያ መለኪያ ንከሩበት። ዩሪያ ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም፤ ቁጥሩ ከውኃው ከራሱ ቁጥር በጣም ከዘለለ ጨው ወይም ሌላ ማዳበሪያ ተቀላቅሎበታል። ይህ ምርመራ 5 ደቂቃ አይፈጅም፤ ጆንያውን በእጅ ዘግኖ «ጥሩ ነው» ከማለት ይሻላል።

የመጀመሪያው ወጥመድ ብርዱ ነው። ዩሪያ ሲሟሟ ሙቀት ይስባል። በ200 ሊትር በርሜል 150 ሊትር ውኃ ላይ 50 ኪሎ ሙሉውን ከጣላችሁ የውኃው ሙቀት 15 ዲግሪ ያህል ይወርዳል። በኅዳር ጠዋት የደብረ ብርሃን ውኃ ራሱ ከዚያ ብዙ አይበልጥም፤ ስለዚህ በርሜሉ ወደ ዜሮ ይጠጋል፣ ውጪው ላይ ጤዛ ይይዛል፣ ፍሬው ከሥር እንደ አሸዋ ይቀመጣል። ላይኛውን ብቻ የሚስበው የመመጠኛ ፓምፕ ቀኑን ሙሉ ቀጭን ውኃ ሲልክ ይውልና ሲመሽ ሥሩን ይልከዋል። መፍትሔው ቀላል ነው፤ ከረፋዱ በኋላ አሟሙ፣ 25 ኪሎ በ175 ሊትር ውኃ ይሁን፣ መቅዘፊያ ይኑረው፣ የፓምፑ መምጠጫ ከበርሜሉ ሥር ትንሽ ከፍ ብሎ ማጣሪያ ይደረግበት። ከዚህ ቅልቅል ሁለት በርሜል ከላይ ላለው ምሳሌ የአንድ ቀን ነው።

ሁለተኛው ወጥመድ ብዙ ገንዘብ ይበላል። ዩሪያ ወዲያው አሞኒያ አይሆንም፤ ባክቴሪያዎች ዩሪየስ በሚባለው ኢንዛይም መፍታት አለባቸው፣ ይህም በብርድ ይዘገያል። የአሞኒያ መመርመሪያ ደግሞ ዩሪያን አያይም። ኦፕሬተሩ ዩሪያ ጨምሮ እዚያው መግቢያው ላይ አሞኒያ ይለካል፣ ቁጥሩ አይንቀሳቀስም፣ «አልበቃውም» ብሎ እጥፍ ያደርጋል። ከጥቂት ቀን በኋላ መውጫው ላይ አሞኒያው ይፈነዳል። መለካት ያለበት መውጫው ላይ ነው፤ ተጣርቶ የተለካ አሞኒያና ናይትሬት ተደምሮ ከ1 እስከ 2 ሚሊግራም ናይትሮጂን በሊትር ከተረፈ ባክቴሪያው ጠግቧል። ዜሮ ከሆነ ተርቧል። 10 ከሆነ እየደፋችሁ ነው።

መደፋቱ የሚያስከትለው በገንዘብ ብቻ አይደለም። ትርፉ አሞኒያ ወደ ናይትሬት ሲቀየር ለ1 ኪሎ ናይትሮጂን 4.57 ኪሎ ኦክስጂን ይፈልጋል። በደብረ ብርሃን ከፍታ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠለል 71 በመቶ ያህል ነው፤ ያው ብሎወር ያነሰ ኦክስጂን ያደርሳል፤ በ15 ዲግሪ ውኃው ሊይዝ የሚችለው ኦክስጂንም ከ10 ወደ 7 ሚሊግራም በሊትር ይወርዳል። በዚህ ላይ 10 ኪሎ ትርፍ ናይትሮጂን ስትጨምሩ 46 ኪሎ ኦክስጂን ሰረቃችሁ ማለት ነው። ናይትሬቱ ክላሪፋየር ውስጥ ኦክስጂን ሲያጣ ወደ ናይትሮጂን ጋዝ ይለወጣል፣ ጋዙም ስላጁን አንከብክቦ ያወጣዋል። ያን ተንሳፋፊ ስላጅ አረፋ ነው ብሎ እንደገና ዩሪያ መጨመር ከድጡ ወደ ማጡ ነው።

ዩሪያውን በጠዋት አንድ ጊዜ ጆንያ ገልብጦ የሚተው አለ። ባክቴሪያ ለነገ አያስቀምጥም፤ የጠዋቱ ትርፍ ማታ ከውኃው ጋር ይወጣል፣ ሌሊት ይራባል፣ ዝልግልጉም እንደነበረ ይቀጥላል። በመመጠኛ ፓምፕ ቀንና ሌሊት መግባት አለበት፤ የተሻለው ቦታ ወደ ኤሬሽን ገንዳው የሚመለሰው ስላጅ መስመር ነው። ፋብሪካው በሚያርፍበት እሑድ ፓምፑንም ቀንሱ።

ስለ አቅርቦት አንድ ነገር። በየኅብረት ሥራ ማኅበሩ የሚከፋፈለው ዩሪያ የገበሬው ነው፤ በሰኔ ከሱ ላይ መሻማት አያምርም። ደረሰኝ ያለውን ከኬሚካል አስመጪ፣ ከዘር ወቅት ውጪ ግዙና ከመሬት ከፍ ባለ ጣውላ ላይ ደርድሩት፤ የክረምቱን እርጥበት ከሳበ ጆንያው እንዳለ ድንጋይ ይሆናል።

ፎስፈረስ ከየት?

ፎስፈሪክ አሲድ አንደኛ ነው፤ ንጹሕ ነው፣ ወዲያው ይበላል፣ መመጠን ቀላል ነው። ነገር ግን የትኛው ጥንካሬ እንደሚገዛ ማንም አያስብም። ሻጩ ብዙ ጊዜ 85 በመቶውን ያቀርባል፣ ምክንያቱም በኪሎ ፎስፈረሱ ይበዛል። 85 በመቶው ግን በ21 ዲግሪ አካባቢ ክሪስታል መሥራት ይችላል። ደብረ ብርሃን መጋዘን ውስጥ ይህን ሙቀት የሚያገኝ ጀሪካን ጥቂት ነው። ሳይረጋ ሳምንታት ሊቆይ ይችላል፤ አንድ ቀን ግን ፓምፑ አፍ ላይ ይረጋና ቱቦውን ይደፍናል። 75 በመቶው እስከ ዜሮ በታች 17 ዲግሪ ድረስ ፈሳሽ ነው። ለሸዋ ሮቢት 85ቱ ምንም አይል፤ ለደጋው 75ቱን ጠይቁ፤ 85ቱ ቀድሞ ከተገዛ ጀሪካኑ በሞቀ ክፍል ይቀመጥ ወይም እንደደረሰ በውኃ ይቅጠን። ሲቀጥን ሁልጊዜ አሲዱ ወደ ውኃው ይፈሳል እንጂ ውኃው ወደ አሲዱ አይፈስም፤ የፊት መከለያና ጓንት ይደረግ፤ ቱቦው ፕላስቲክ ይሁን፣ ተራ ብረት ይበላዋል።

ዳፕ 18 በመቶ ናይትሮጂንና 46 በመቶ ፒ2ኦ5 (ፎስፈረስ ከኦክስጂን ጋር ሲቆጠር) ነው፤ ንጥሩ ፎስፈረስ 20 በመቶ ያህል ብቻ መሆኑን አትርሱ፤ በጆንያው ላይ የተጻፈው 46 ፎስፈረስ አይደለም። ለምሳሌያችን 17.5 ኪሎ ይበቃል፤ ይህም 3 ኪሎ ያህል ናይትሮጂን ይዞ ስለሚመጣ ዩሪያው ወደ 42 ኪሎ ይወርዳል። አሲድ መያዝ የሚፈራ ቤት ይህን ቢመርጥ አይፈረድበትም። ችግሩ ዝቃጩ ነው፤ የማዳበሪያ ዳፕ የማይሟሟ ግራጫ ጭቃ ይተዋል፣ ካልሲየም በበዛበት የጉድጓድ ውኃ ሲሟሟም ካልሲየም ፎስፌት ሆኖ ይረጋል፤ ገዝታችሁ በርሜል ሥር ቀበራችሁት ማለት ነው። ከዋዜማው አሟሙ፣ አሳድሩ፣ ከላይ የጠራውን ብቻ ቅዱ።

ኤንፒኤስ 19 ናይትሮጂን፣ 38 ፒ2ኦ5፣ 7 ድኝ ነው። ለጤፍና ለገብስ የተሠራ ነው፣ ለገንዳ አይደለም። ዝቃጩ እንደ ዳፕ ወይም ከዚያ የባሰ ነው፣ ድኙም ለማጣሪያው የሚጨምረው ነገር የለም፤ ኦክስጂን ባጠረበት ጥግ የተበላሸ እንቁላል ሽታ ሆኖ ይመለሳል፣ ድኝ የሚበሉትንም ክር ሠሪዎች ይቀልባል። ሌላ ከጠፋ ለሳምንት ይሁን፤ ለዘለቄታው አይሆንም።

አንድ ብዙ ሰው የማያየው ነገር አለ። ቀለም ለማውጣት ከኤሬሽን ገንዳው በፊት አሉም፣ ፓክ (ፖሊአሉሚኒየም ክሎራይድ) ወይም ፌሪክ ክሎራይድ የሚጨምር የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ፎስፈረሱን ራሱ እያወጣ ነው። አሉሚኒየሙም ብረቱም ፎስፌትን አስረው ወደ ኬሚካል ስላጁ ይወስዱታል። ስለዚህ የመግቢያው ናሙና ፎስፈረስ አለ ይላል፣ ባክቴሪያው ጋ የሚደርሰው ግን ባዶ ነው፣ አረፋውም ይነሣል። ናሙና የሚወሰደው ከኬሚካል ገንዳው በኋላ ነው፤ አሲዱም የሚጨመረው ከዚያ በኋላ ብቻ። በፊት ከተጨመረ አሉሙ በልቶት ያልፋል፣ ፋብሪካው ለሁለቱም ይከፍላል።

በትክክል ከተመገበ ገንዳ የዝልግልጉ አረፋ ከአንድ እስከ ሦስት ሳምንት ውስጥ መርገብ አለበት፤ በብርድ ወራት ወደ ሦስቱ ይጠጋል። የተሠራው ዝልግልግ በስላጅ ማስወገጃው እስኪወጣ ጊዜ ስለሚፈጅ ነው። በሦስተኛው ቀን ለውጥ የለም ብላችሁ መጠኑን አትለውጡ።

የፓኬት ባክቴሪያና የአረፋ ማጥፊያ

የፓኬቱ ዱቄት አብዛኛው በስንዴ ፉርሽካ ላይ የደረቀ የባሲለስ ዘርና ኢንዛይም ነው። አዲስ ገንዳ ለማስጀመር ወይም በመርዝ የሞተውን ለማስነሣት ጥቅም ይኖረው ይሆናል። በምግብ እጥረት ለተያዘ ገንዳ ግን ባክቴሪያ መጨመር የተራበ ቤት ላይ እንግዳ መጨመር ነው፤ ገንዳው ውስጥ በሺዎች ኪሎ የሚቆጠር ስላጅ እያለ ጥቂት ኪሎ ዱቄት የሚለውጠው ነገር የለም። «ናይትሮጂንና ፎስፈረስም አለበት» የሚል ሻጭ ከመጣ መቶኛውን በጽሑፍ ጠይቁና በ1 ኪሎ ናይትሮጂን ስንት ብር እንደሚወጣ ከዩሪያው ጋር አስሉት። ውይይቱ ብዙ ጊዜ እዚያው ያልቃል።

የአረፋ ማጥፊያ ለሳሙና አረፋ ይሠራል፤ በተለይ ሲሊኮኑ፣ በጥቂት መጠን፣ አረፋው ከገንዳው ዳር አልፎ ሰው የሚሄድበት ላይ ሲፈስ። ለዝልግልጉና ለቡናማው ግን አለባብሰው ቢያርሱ በአረም ይመለሱ ነው። ሲበዛ ኦክስጂን ወደ ውኃው እንዳይገባ ያግዳል፤ እዚህ ከፍታ ላይ ያ ትርፍ ዋጋ ነው። በአትክልት ዘይት የተሠራውንማ ቡናማ አረፋ ላይ ማፍሰስ ጥፋት ነው፤ ጎርዶኒያም ማይክሮትሪክስም ዘይት የሚበሉ ናቸው፣ ምሳቸውን አቀረባችሁላቸው።

ለቡናማው ገንዘቡ ወደ ሌላ ይሂድ። ከሁሉ በፊት ቅባት መያዣ ነው፤ ሸኖና ጫጫ አካባቢ ወተትና ቅቤ ላይ ለሚሠራ ቤት ከማንኛውም ኬሚካል በፊት የሚገዛው እሱ ነው። ጎርዶኒያ የሚያስቸግረው ሴሉ ማይኮሊክ አሲድ ያለበትና ውኃ የሚጠላ በመሆኑ ነው፤ ከአየር አረፋው ጋር ተጣብቆ ወደ ላይ ይወጣል፣ እዚያም ይኖራል። ስለዚህ አረፋውን ከላይ ጠርጎ ማስወገድ ያስፈልጋል፤ የተጠረገው ግን ወደ መግቢያው አይመለስ፣ ከተመለሰ ዘር ነው። ሁለቱም ቀስ ብለው የሚያድጉ ስለሆኑ ስላጁን በብዛት በማስወገድ ዕድሜውን ማሳጠር ይጎዳቸዋል፤ አሞኒያን ከፍሳሹ የማስወገድ ግዴታ ያለበት ማጣሪያ ግን በብርድ ይህን እንደልቡ ማድረግ አይችልም። ማይክሮትሪክስ መሆኑ በአጉሊ መነጽር ከተረጋገጠ ፖሊአሉሚኒየም ክሎራይድ ይሠራል፤ በቀን ለ1 ኪሎ ስላጅ ከ1.5 እስከ 4.5 ግራም አሉሚኒየም፣ ወደሚመለሰው ስላጅ፣ ለጥቂት ሳምንታት። ያን ሰሞን ፎስፈረሱን በየቀኑ ለኩ፤ አሉሚኒየሙ ያስረውና ከአንዱ አረፋ ወደ ሌላው ትሸጋገራላችሁ። በሚመለሰው ስላጅ ላይ ክሎሪን ማፍሰስ ለጎርዶኒያ ብዙ አይፈይድም፤ አብዛኛው ፍሎኩ ውስጥ ተሸሽጓል፣ ከሱ በፊት ጥሩዎቹ ይሞታሉ።

መመርመሪያው

ከዩሪያው ጆንያ ቀድሞ መገዛት ያለበት የአሞኒያ፣ የናይትሬትና የፎስፌት መመርመሪያ ነው። የሚነከረው ወረቀት ለጥርጣሬ ይበቃል፤ 0.5ን ከ1 ለመለየት ግን አይበቃም፣ ስለዚህ አነስተኛ ፎቶሜትር (ቀለሙን በብርሃን የሚለካ መሣሪያ) ይመረጥ። ናሙናው መውጫው ላይ እንደተቀዳ ወዲያው በ0.45 ማይክሮን ይጣራ፤ ሳይጣራ ከቆየ ባክቴሪያው ጀሪካኑ ውስጥም ይበላል፣ ወይም ሞቶ ይለቃል፣ ቁጥሩም ውሸት ይሆናል። ተጣርቶ የተለካ ፎስፌት ከ0.5 እስከ 1 ሚሊግራም ፎስፈረስ በሊትር መትረፍ አለበት።

ሲገዛ መሣሪያው በምን እንደሚያነብ ይታይ። አንዳንዱ ፎስፌት ብሎ ያሳያል፣ አንዳንዱ ፎስፈረስ ብሎ፤ የመጀመሪያው ቁጥር ለ3.07 ሲካፈል ነው ሁለተኛው የሚገኘው። አሞኒየም ብሎ የሚያነብም ለ1.29 ይካፈላል። 1.2 ሚሊግራም ፎስፌት አይቶ «በቂ ነው» ያለ ኦፕሬተር በእጁ ያለው 0.4 ፎስፈረስ ነው፤ ገንዳው ገና ይራባል። የመሣሪያው ሪኤጀንት (ቀለም የሚያወጣው ኬሚካል) የማብቂያ ቀኑና በብርድ የሚጠይቀው የመቆያ ጊዜም በሣጥኑ ላይ ይነበብ፤ ናሙናው 10 ዲግሪ ላይ ከሆነ ቀለሙ እስኪወጣ ይዘገያል፣ ቸኩሎ ያነበበ ሰው ሁልጊዜ ያነሰ ቁጥር ያገኛል። ናሙናውን ወደ 20 ዲግሪ አሙቁና አንብቡ።